መልስ፦ «ዎችመን» ለአዋቂ አንባቢ ይሆናል?

የልዕለ ኃያላን ጀግኖች ኮሚክስ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) የልጆች ንባብ ብቻ ለሚመስለው ሰው «ዎችመን» ይመጥን እንደሆነ ጠይቀዋል፤ እኔ ይመጥናል ባይ ነኝ። አላን ሙር የጻፈውና ዴቭ ጊበንስ የሣለው ይህ ሥራ በ1986 እና በ1987 እ.ኤ.አ. በ12 ክፍሎች የወጣ ሲሆን፣ ጭምብል አጥልቆ ሕግ አስከብራለሁ የሚለውን ሰው ማን ይቆጣጠረዋል የሚለውን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ይዞ ይዘልቃል። እኔን ይበልጥ የማረከኝ ግን አሣሣሉ ነው፤ ገጾቹ በአብዛኛው በዘጠኝ ሳጥን አከፋፈል ላይ ስለተመሠረቱ ንባቡ እንደ ሰዓት ምት እኩል ይራመዳል፤ የአምስተኛው ክፍል የገጽ አደራደር ደግሞ ከመሃል ወደ ሁለቱ ጫፎች እንደ መስተዋት የሚመሳሰል በመሆኑ፣ ወደ ኋላ እየገለጥኩ ሳስተያይ አመሸሁ። በመሃል የሚገባው የባሕር ወንበዴዎች ታሪክ በመጀመሪያው ንባቤ አሰልችቶኝ ነበር፤ ሆኖም ለዋናው ታሪክ እንደ ጥላ የሚከተለው ስለሆነ አይዝለሉት።