ፎቶው ሌላ፣ ፋይሉ ሌላ፦ የአንባቢያን የሕግ ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች የመረጥናቸው አደባባይ የሚታየውና ቤት ውስጥ ያለው ያልተገጣጠመባቸውን ትዳሮች የሚመለከቱ ናቸው። መልሶቹ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበትን የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን የተከተሉ ናቸው። ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ወይም አዳማ ያላችሁ የክልላችሁን ሕግ ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በሰፈራችን የተከበረ ሰው ነው። የዕድር ዳኛ ነው፤ የሠርጋችንን ቀን በየዓመቱ ፌስቡክ ላይ በፎቶ ያከብራል። በጋብቻችን ውስጥ የገዛነውን ኮንዶሚኒየም ግን ያለ እኔ ፊርማ መሸጡን ሰማሁ። ካርታው በእሱ ስም ነው። ትዳሬ እንዲፈርስ አልፈልግም። ሽማግሌ ልላክበት ወይስ ፍርድ ቤት ልሂድ? (ወ/ሮ ሰ.፣ ከአያት)

መልስ፦ ወ/ሮ ሰ.፣ ካርታው በእሱ ስም መሆኑ አያስጨንቅዎት። በአንቀጽ 63 መሠረት በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት በአንደኛው ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይቆጠራል፤ «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ነው የሚያስረዳው። የጋራ ቤት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለማስያዝ አንቀጽ 68 የሁለቱንም ፈቃድ ይጠይቃል። ይኸው አንቀጽ ከ500 ብር በላይ ለመበደርና ለማበደር እንኳ የሁለቱን ስምምነት ይፈልጋል፤ ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ገንዘብ ነበር።

ታዲያ እንዴት ተሸጠ? ውልና ማስረጃ የሻጭን የትዳር ሁኔታ ሳያይ የቤት ሽያጭ አያጸድቅም። ብዙውን ጊዜ ቀዳዳው ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው «ያላገባ» ማስረጃ ነው፤ ጋብቻው በቤተ ክርስቲያን ወይም በባህል ተፈጽሞ ካልተመዘገበ ወረዳው መዝገቡ ላይ ያላየውን «የለም» ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው የቆየ ውክልና ነው። «ለመብራትና ለውኃ ጉዳይ» ተብሎ የተፈረመ ወረቀት ውስጡ «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚል ቃል ይዞ ይገኛል። ሰጥተውት ከሆነ ዛሬውኑ ይሻሩት፤ መሻሪያውም ለራሱ ለባለቤትዎ በጽሑፍ ይድረሰው።

አሁን ዋናው ነገር ቀን ነው። ያለ ፈቃድዎ የተደረገውን ውል ለማፍረስ አንቀጽ 69 የሚሰጥዎ ጊዜ ሽያጩን ካወቁ ጀምሮ 6 ወር ነው። ውሉ ከተፈረመ 2 ዓመት ካለፈ ደግሞ ባያውቁም እንኳ መብቱ ያልቃል። ብዙ ሚስቶች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌ ይላካል፣ ጾም ይገባል፣ ሽማግሌው ይታመማል፣ «ከበዓል በኋላ» ይባላል፤ ስድስቱ ወር እንደዋዛ ያልፋል። ይህን ክስ ለማቅረብ ፍቺ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ትዳሩ እንዳለ ውሉ ብቻ ሊፈርስ ይችላል። ሽማግሌ መላክም ክፋት የለውም፤ ግን ፍርድ ቤቱ ንብረቱ እንዳይተላለፍ እግድ ከሰጠ በኋላ።

እግዱ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት፣ በቃለ መሐላ ተደግፎ፣ ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ይጠየቃል። «ያለው ንብረት ሁሉ ይታገድልኝ» የሚል ማመልከቻ አያስኬድም። ለቤቱ ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውን፣ የቤትና የካርታ ቁጥሩን፤ ለመኪናው የሰሌዳ ቁጥሩን፤ ለገንዘቡ የባንኩን ስምና ቢቻል ቅርንጫፉን ይጻፉ። የባለቤትዎን ስም እስከ አያት፣ መታወቂያው ላይ ባለው አጻጻፍ ያስገቡ፤ በአንድ ፊደል ልዩነት «በዚህ ስም ሒሳብ የለም» የሚል መልስ ይመጣል። ባንክ ሚስት ነኝ ስላሉት ብቻ ምንም አይነግርዎትም፤ የሚመልሰው ለፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ሲሰጥዎ ራስዎ አድርሰው የደረሰበት ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይያዙ። ፋይል ውስጥ የቀረ እግድ ማንንም አያግድም።

የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከሌለዎትስ? እንደ ባልና ሚስት መኖራችሁን በምስክሮች ማስረዳት ይቻላል፤ ዘመድም ሊሆኑ ይችላሉ። እነዚያ የፌስቡክ ፎቶዎችም እዚህ ላይ ይጠቅማሉ። ባል በገዛ እጁ «ውዷ ባለቤቴ» ብሎ የለጠፈው ጽሑፍ «አላገባሁም» ለሚለው ወረቀት ጥሩ መልስ ነው።

በእህቱ ወይም በጓደኛው ስም የተገዛ ንብረት ግን ከባድ ነው። «ሁሉም ሰው ያውቃል» ማስረጃ አይሆንም። ገንዘቡ ከማን ሒሳብ በየትኛው ቀን ወጥቶ ለሻጩ ገባ የሚለው ካልታየ ክሱ አይቆምም።

ጥያቄ፦ እህቴን ከአሜሪካ የመጣ ሰው ሊያገባት ነው። ከወረዳ «ያላገባ» ማስረጃ አምጥቷል። ቤተሰብ በዚህ ረክቷል፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። (ከመገናኛ)

መልስ፦ አለመዋጡ ተገቢ ነው። የአዲስ አበባ ወረዳ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ ጋብቻን የሚያይበት መዝገብ የለውም። አሜሪካም ራሷ አገር አቀፍ የጋብቻ መዝገብ የላትም፤ መዝገቡ በየግዛቱና በየካውንቲው (በግዛት ሥር ባለው አስተዳደር) ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የት የት እንደኖረ ይጠይቁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆነ ጉዳዩ የሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው፤ መዝገቡን የሚይዘው ፍርድ ቤት ሮክቪል ይገኛል። ቨርጂኒያ ከሆነ የየካውንቲው ወይም የከተማው ሰርኪዩት ኮርት፣ ዲሲ ከሆነ ሱፒሪየር ኮርቱ ነው። ሜሪላንድ የፍርድ ቤት ጉዳዮችን በስም መፈለጊያ በኢንተርኔት በነጻ ትሰጣለች። ስትፈልጉ የስም አቀማመጥ እንዳያሳስታችሁ፤ እዚያ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ይሆናል፣ በላቲን ፊደል ደግሞ አንዱ ስም በሦስት ዓይነት ይጻፋል። ሁሉንም ሞክሩ።

አግብቶ ፈትቶ ከሆነ የሚጠየቀው የፍርድ ቤት ማኅተም ያለበት የመጨረሻ የፍቺ ውሳኔ ነው። የፍቺ ማመልከቻ ወይም «ተለያይተን ነው የምንኖረው» የሚል ቃል ፍቺ አይደለም። በብዛት የሚገጥመው «የወረቀት ጋብቻ» ነው። ሰውየው «ለግሪን ካርድ ብዬ ነው፣ እውነተኛ ትዳር አልነበረም» ይላል። ያልፈረሰ የወረቀት ጋብቻ በመዝገብ ጋብቻ ነው። የማስመሰል ጋብቻ በአሜሪካ ሕግ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ስለሚያስቀጣ ሰውየው ጉዳዩን ከእህትዎ የሚደብቅበት በቂ ምክንያት አለው። ሚስትን አሜሪካ ለመውሰድ በሚሞላው አይ-130 ማመልከቻ ላይ የሁለቱም የቀድሞ ጋብቻዎችና የፈረሱበት ቀን ይጠየቃል፤ የቀድሞው ካልፈረሰ የእህትዎ ማመልከቻ ይወድቃል። በእኛም አገር የመጀመሪያው ሳይፈርስ ሌላ ጋብቻ መፈጸም በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 11 ክልክል ነው። ያለበትን ትዳር እያወቀ ሁለተኛዋን ያታለለ ሰው ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 650 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስበት ይችላል።

ጥያቄ፦ የባለቤቴን ቴሌግራም ከፍቼ ከሌላ ሰው ጋር የተጻጻፈችውን አገኘሁ። ለፍርድ ቤት ላቅርበው? ወይስ ቲክቶክ ላይ ላውጣው? ሕዝብ የሚያውቃት ሰው ናት።

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። ያለ ፈቃድ የሰው አካውንት ውስጥ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 አንቀጽ 3 ያስጠይቃል፤ ባልነት ፈቃድ አይደለም። ማሰራጨቱም የስም ማጥፋት ክስ ያመጣል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 ነገሩ እውነት ቢሆንም ይቀጣል። ደግሞስ ለምን ይጠቅምዎታል? ፍቺ ለመጠየቅ ምክንያት መግለጽ ግዴታ አይደለም። ፍርድ ቤቱ ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ከዚያ ይወስናል። የጋራ ንብረትም ማን አመነዘረ ተብሎ ሳይሆን እኩል ነው የሚካፈለው።

ጥያቄ፦ አባታችን ሞቶ በአርባው አንዲት ሴት አንድ ልጅ ይዛ መጣች፤ «የእሱ ነው» አለች። እናታችን ታማለች። እኛ ሁለት ነን። ይካፈለናል?

መልስ፦ አባትነቱ ከተረጋገጠ አዎ፣ እኩል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በጋብቻ ውስጥና ከጋብቻ ውጭ በተወለደ ልጅ መካከል በውርስ ላይ ልዩነት አያደርግም። እናታችሁ ግን ከሁሉ በፊት የጋራ ንብረቱን ግማሽ ታወጣለች፤ ይህ ውርስ ሳይሆን የራሷ ድርሻ ነው። ኑዛዜ ከሌለ ሚስት ወራሽ አይደለችም፤ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። የጋራው ቤት 6 ሚሊዮን ብር ቢገመት 3ቱ ሚሊዮን የእናታችሁ ነው፣ ቀሪው 3 ሚሊዮን ለሦስት ልጆች አንድ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል። እናንተ ልጁን ሳትጠቅሱ የወራሽነት ማረጋገጫ ብታወጡ ማስረጃው በኋላ በተቃውሞ ይሰረዛል፤ በእሱ የሸጣችሁትም ነገር ሌላ ክርክር ይጎትታል። ልጁ አባት ያመነበት የልደት ምስክር ወረቀት እንዳለው መጀመሪያ ጠይቁ። ከሌለው በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ እንዲጣራ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይቻላል።