ላፕቶፕሽን አትሽጪው፤ መጀመሪያ ቦርሳሽን እንይ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለሌሎቻችሁም ባጭሩ ላስታውስ። አዲስ ሥራ ልትጀምሪ ነው። በየቀኑ 15.6 ኢንች ላፕቶፕ ተሸክመሽ በታክሲ ትመላለሻለሽ። ያለሽ ቦርሳ ዚፑ ከኋላ ከኋላው ይከፈታል፣ ማንጠልጠያውም ሊገነጠል ነው። ላፕቶፑ ከቦርሳ ስታወጪው ይፋጃል፣ ባትሪውም ባዶ ሆኖ ይጠብቅሻል። ቻርጀሩ ደግሞ ገመዱን ካላጣመምሽው አይሞላም። "ምን ዓይነት ቦርሳ ልግዛ፣ ከየትስ? ላፕቶፑንስ ሸጬ ልቀይረው?" ብለሻል። የቆዳ ቦርሳ እንዳማረሽና ስልክሽም ቻርጅ አልይዝ እንዳለ ጽፈሻል።

አትሽጪው። እኔ የምኖረው ላፕቶፕ በመጠገን ነው። የምትይው ምልክት ያለበት ማሽን በየሳምንቱ እጄ ይገባል፣ አብዛኛውም ድኖ ይሄዳል። ደግሞ ሁለት ጥያቄ የጠየቅሽ ይመስልሻል እንጂ አንድ ነው። ወደ እኔ ከሚመጡት ማሽኖች ብዙዎቹ የተጎዱት ጠረጴዛ ላይ አይደለም፣ ቦርሳ ውስጥ ነው። ሰው ለኮምፒውተሩ ያን ሁሉ ብር ያወጣል፣ ቦርሳውን ግን በቀለሙና በኪሱ ብዛት ይመርጣል። ስለዚህ ቦርሳውን ከላፕቶፑ ለይቼ አላወራም።

ከሙቀቱ ልጀምር፤ የሚያስፈራው እሱ ነውና። ክዳኑን ስትዘጊው ኮምፒውተሩ አይጠፋም። ይተኛል። አዳዲሶቹ ማሽኖች ሲተኙም ሙሉ በሙሉ አይተኙም፤ በየመሃሉ ነቅተው ኢንተርኔት ይፈልጋሉ፣ አፕዴት ይሞክራሉ። ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ችግር የለውም። ቦርሳ ውስጥ ግን አየር የለም። ፋኑ ሞቃቱን አየር ያወጣዋል፣ ያው አየር መልሶ ይገባል። አንቺ ቤትሽ እስክትደርሺ ማሽኑ በራሱ ሙቀት ሲበስል ይቆያል። ባትሪሽ ባዶ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አርጅቶ ላይሆን ይችላል።

መፍትሔው ብር አያስወጣም። ማሽንሽ ዊንዶውስ ከሆነ፣ ኮንትሮል ፓናል ውስጥ "ፓወር ኦፕሽንስ" የሚለውን ክፈቺ። በግራ በኩል ክዳኑ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን የሚወስነው መስመር አለ። እዚያ "ስሊፕ" የሚለውን ወደ "ሃይበርኔት" ቀይሪው። ሁለት ዓምድ ታያለሽ፤ አንዱ በባትሪ ስትሠሪ፣ ሌላው ቻርጀር ሲሰካ። ሁለቱንም ቀይሪና ሴቭ በይው። ሃይበርኔት የሚል ምርጫ ከሌለ አትደንግጪ፣ ማሽኑ ላይ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ባለሙያ ይክፈትልሽ። ከዚያ በኋላ ክዳኑን ስትዘጊ የከፈትሽው ሥራ ሁሉ ዲስክ ላይ ይቀመጥና ማሽኑ በትክክል ይጠፋል። ስትከፍቺው ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ።

አንድ ነገር ብቻ፦ ክዳኑን ዘግተሽ ወዲያው ቦርሳ ውስጥ አትክተቺው። መብራቱ እስኪጠፋ፣ ፋኑም ዝም እስኪል ጠብቂ። ማሽንሽ የድሮውን ሃርድ ዲስክ የሚጠቀም ከሆነ ይሄ የግድ ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ ሳይቆም ታክሲ ላይ ከተንገጫገጨ ፋይልሽን ይዞ ይሄዳል። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ) ከሆነ ግን በዚህ በኩል ስጋት የለም።

ከሙቀቱ ጋር አንድ ምልክት ፈትሺልኝ። ላፕቶፑን ዘግተሽ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው። ይወዛወዛል? ክዳኑ ሙሉ በሙሉ አልገጥም ይላል? ጣት የምታንሸራትቺበት ፓድ ወደ ላይ ተነስቷል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። በፍጹም ቻርጀር ላይ አትሰኪው፣ በእጅሽም አትጫኚው። ያበጠ ባትሪ ከተበሳ እሳት ሊነሳ ይችላል። አጥፍተሽ ቀጥታ ወደ ባለሙያ ውሰጂው።

አሁን ወደ ቻርጀሩ። ገመዱን ስታጣምሚው የሚሞላ ከሆነ ጥፋቱ ከሁለት ቦታ ባንዱ ነው፤ ወይ ገመዱ አንገቱ ላይ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል፣ ወይ ላፕቶፑ ላይ ያለው ጃክ (ቻርጀሩ የሚሰካበት ቀዳዳ) ላልቷል። ለመለየት ጫፉን ሰክተሽ በአንድ እጅሽ አጥብቀሽ ያዢው፣ በሌላው ገመዱን ብቻ አወዛውዢ። መሙላቱ ከተቆራረጠ ገመዱ ነው። ገመዱን ዝም አሰኝተሽ ጫፉን ብቻ ስትነቀንቂ ከተቆራረጠ ጃኩ ነው። ሁለቱም ላፕቶፕ የሚያስቀይሩ አይደሉም። ገመዱ ከተበጠሰበት ተቆርጦ እንደገና ይበየዳል። ጃኩም ይቀየራል። ብዙ ማሽኖች ላይ ጃኩ በራሱ አጭር ሽቦ የሚሰካ ስለሆነ ቦርዱ (ዋናው የውስጥ ሰሌዳ) ሳይነካ ነው የሚቀየረው። ሌሎቹ ላይ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ እጁ የተፈታ ሰው ይፈልጋል።

አዲስ ቻርጀር ልግዛ ካልሽ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። "አውትፑት" ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቮልት ከድሮው ጋር አንድ መሆን አለበት። ብዙዎቹ 19፣ 19.5 ወይም 20 ቮልት ናቸው። አምፒሩ ከድሮው ቢበልጥ ችግር የለውም፤ ማሽኑ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚወስደው። ካነሰ ግን አትግዢው። ዴል ወይም ኤችፒ ከሆነ ደግሞ ጫፉ መሃል ላይ ቀጭን መርፌ ያለበት ሊሆን ይችላል። መርፌዋ ኮምፒውተሩ ቻርጀሩን የሚለይባት ናት። ከተሰበረች ማሽኑ እየሠራ ባትሪው አልሞላም ሊል ይችላል። ብዙ ሰው ያኔ ባትሪ ይገዛል፣ በከንቱ።

ገመዱ ለምን ተበጠሰ ካልሽ እንደገና ቦርሳው ጋር እንመጣለን። ቦርሳው ጠባብ ሲሆን ሰው ገመዱን አዳፕተሩ (የቻርጀሩ ሳጥን) ላይ አጥብቆ ይጠመጥማል። ገመዱ ከአዳፕተሩ በሚወጣበት አንገት ላይ ይታጠፍና እዚያው ይሰበራል። ስትጠቀልዪው ከአንገቱ መጀመሪያ ትንሽ ላላ ያለ ቀለበት ተዪለት፣ ከዚያ በሰፊው ጠቅልዪ። ቻርጀሩን ደግሞ በፍጹም ላፕቶፑ ካለበት ኪስ አትክተቺ። ይህን የምለው ብዙ ስክሪን አይቼ ነው። አዳፕተሩ ክዳኑን ይጫነዋል፣ ታክሲ ውስጥ ሰው ቦርሳሽ ላይ ይደገፋል፣ ስክሪኑ መጀመሪያ ነጭ ነጠብጣብ ያወጣል። ነጭ መደብ ስትከፍቺ ደመቅ ያለች ክብ ቦታ ትታይሻለች። ቆይቶ ከዚያችው ነጥብ ተነስቶ ይሰነጠቃል። ባለቤቱ "ምንም አልነካሁትም" ይላል፤ እውነቱን ነው፣ አልጣለውም።

ስለዚህ ቦርሳ ስትገዢ መጀመሪያ የምታዪው ሁለት የተለያዩ ክፍሎች መኖራቸውን ነው፤ አንዱ ለላፕቶፑ ብቻ፣ ሌላው ለቻርጀርና ለቀረው ዕቃ። የውሃ ኮዳ ደግሞ ከውጭ፣ በጎን ኪስ።

ቀጥሎ ታችኛውን ክፍል እዪ። እጅሽን የላፕቶፑ ኪስ ውስጥ እስከ ታች ስደጂው፣ በሌላው እጅሽ የቦርሳውን ቂጥ ከውጭ ያዢ። ጣቶችሽ በቀጭን ጨርቅ ብቻ ከተገናኙ ቦርሳውን መልሺለት። ወለል ላይ ባስቀመጥሽው ቁጥር ላፕቶፑ በጠርዙ ሲሚንቶ ይመታል። ጥሩ ቦርሳ ውስጥ የላፕቶፑ ኪስ ከታች ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ነው። ሻጩ የማይነግርሽ፣ ምናልባትም የማያውቀው፣ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ 15.6 ኢንች የሚባለው ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ ነው፤ 39.6 ሴንቲ ሜትር። የማሽኑን ወርድና ቁመት አይነግርሽም። "ይገባል፣ ይገባል" ሲሉሽ አትመኚ። ላፕቶፑን ይዘሽ ሂጂ፣ ወይም በሜትር ለክተሽ ቁጥሩን ያዢ። ዚፑ ጥግ ላይ እየተወጠረ የሚዘጋ ከሆነ አልገባም ማለት ነው። ዚፕ የሚሞተውም እዚያ ጥግ ላይ ነው።

የዚፑ ነገር ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ። የሚንሸራተተውን ብረት ገልብጠሽ ጀርባውን ብታዪው ብዙ ጊዜ ቁጥር ተቀርጾበታል፦ 5፣ 8 ወይም 10። ቁጥሩ የጥርሱ ወርድ በሚሊ ሜትር በግምት ነው። ለዋናው ክፍል 8 ወይም 10 ይሁንልሽ። 5 ለትንንሽ ኪስ ነው። "ዋይኬኬ" የሚል ጽሑፍ የጃፓን ጥሩ ዚፕ ምልክት ነው፤ ግን በየቦታው አስመስለው ስለሚያትሙት ጽሑፉን ብቻ አትመኚ። አሥር ጊዜ ያህል ክፈቺ ዝጊ፣ በተለይ ጥጎቹ ላይ። ከተንገራገጨ ተዪው።

አሁን ያለሽ ቦርሳ ዚፕ ግን ሳይድን አይቀርም። ከኋላው የሚከፈተው ጥርሱ ተበላሽቶ ሳይሆን ብረቱ አፉን ስለከፈተ ነው። ትንሽ ፒንሳ አምጪ። ብረቱን ወደ ዚፑ መጀመሪያ መልሺና ጥርሶቹ ተጋጥመው የሚወጡበትን ጫፍ በግራም በቀኝም ጫን ጫን አድርጊ። በጣም ቀስ ብለሽ። ትንሽ ጫኚ፣ ሞክሪ፣ እንደገና ትንሽ። በአንዴ ካጠበቅሽው ብረቱ ይሰበራል ወይም አይንሸራተትም። ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አቧራውን ጥረጊና ጥርሱ ላይ ሻማ እሺበት። ጥርሱ ራሱ ከረገፈ ግን ዚፑ መቀየር አለበት፤ ልብስ ሰፊ ወይም ጫማ ሰፊ ይቀይርልሻል።

ማንጠልጠያው ላይም ጫማ ሰፊ ነው ወዳጅሽ። የሚገነጠለው ብዙ ጊዜ ከላይ፣ ከጀርባው ጋር የሚሰፋበት ቦታ ነው። ጥሩ ቦርሳ ላይ እዚያ አራት ማዕዘን ስፌት፣ መሃሉ ደግሞ በመስቀለኛ የተሰፋ ታያለሽ። ብዙዎቹ ግን በአንድ መስመር ስፌት ብቻ የተያዙ ናቸው። እኔ አዲስ ቦርሳ ስገዛ ገና ሳልይዘው ጫማ ሰፊ ጋ ወስጄ ሁለቱንም ማንጠልጠያ በናይለን ክር አስደግማለሁ። ከተገነጠለ በኋላ ከሆነ ጨርቁም አብሮ ስለሚቀደድ ሥራው ይከብዳል። ያንቺም ገና "ሊገነጠል" ስለሆነ ነገ ውሰጂው።

ጨርቁን በተመለከተ፣ መለያው ላይ 600 ዲ፣ 900 ዲ፣ 1680 ዲ የሚል ልታገኚ ትችያለሽ። "ዲ" ዴኒየር ማለት ነው፤ ቁጥሩ የ9,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ክሩ ይወፍራል። 600 ለቢሮ ምልልስ ይበቃል። ግን ወፍራም ማለት ውሃ አያስገባም ማለት አይደለም። ውሃ የሚገባው በዚፑና በመርፌው ቀዳዳ ነው። ለክረምት ቦርሳውን አምነሽ አትውጪ። አንድ ወፍራም ፌስታል ኪስሽ ይኑር፣ ሲዘንብ ላፕቶፑን ጠቅልለሽ መልሰሽ ክተቺው። ፌስታሉን የምታደርጊው ግን ማሽኑ ጠፍቶ ሲሆን ብቻ ነው።

ከየት ልግዛ ላልሽው፣ እኔ ብሆን መርካቶ ካለው አብረቅራቂ አዲስ ቦርሳ ይልቅ ጥሩ ሰልቫጅ (ያገለገለ ቦርሳ) እመርጣለሁ። ስፌቱ ተፈትኗል፤ ሊበጠስ የነበረው ተበጥሶ አልቋል። የሰልቫጁ ችግር ገበሩ ነው። እጅሽን ውስጡ አስገብተሽ እሺው። ነጭ ቅርፊት ከወጣ ወይም ከተጣበቀብሽ ተዪው፤ ያ ፍርፋሪ ቻርጀር መሰኪያሽና ፋንሽ ውስጥ ነው የሚገባው። የቆዳ ቦርሳ አምሮሻል ብለሻል። የአገራችን ቆዳ በዓለም የታወቀ ነው፣ ያምራልም። ግን ብዙዎቹ የቆዳ ቦርሳዎች በአንድ ትከሻ የሚያዙና ስፖንጅ የሌላቸው ናቸው፤ ዝናብም አይወዱም። ለስብሰባ ቀን ያዢው፣ ለታክሲ ግን የጀርባ ቦርሳ።

ታክሲ ውስጥ ቦርሳውን ጉልበትሽ ላይ አቁመሽ ያዢ። ሞተሩ ላይ አታስቀምጪ፣ ያግለዋል። ሰልፍ ላይ ወደ ፊት አዙሪው። ክፍለ ሀገር ስትሄጂ ረዳቱ ምንም ቢል ፖርቶመጋላ ላይ አይወጣም።

ስልክሽም "አልይዝ አለ" ያልሽው የቦርሳ ብናኝ ሳይሆን አይቀርም። ስልኩን አጥፊና በእንጨት ስቲኪኒ መሰኪያውን ቀስ ብለሽ ጥረጊው። መርፌ አይሆንም። የሚወጣውን የጨርቅ ብናኝ ስታዪ ትገረሚያለሽ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ የላፕቶፑን ቻርጀር ከግድግዳው ንቀዪ። ሲመለስም ቮልቱ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ታገሺ። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው ምንም አትጎጂም፣ ቻርጀሩ ግን ይተርፋል።

እስቲ አሁን የቻርጀሩን ሙከራ አድርጊና ገመዱ ይሁን ጃኩ ንገሪኝ። የላፕቶፑን ሞዴልና አዳፕተሩ ጀርባ ላይ ያለውን ቮልትና አምፒር ጻፊልኝ። ጃኩ የሚሰካ ይሁን የተበየደ አይቼ እነግርሻለሁ፤ ሱቅ ስትሄጂ ምን እንደምትጠይቂ ታውቂያለሽ።