ጎልማሶችን የሚያስተምሩ መምህር ለዓለም አቀፍ ሽልማት እንዴት ይጠቆማሉ?

እህታችን፣ በወረዳችሁ ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ የሚያስተምሩትን መምህር ለዓለም አቀፍ ሽልማት ማን ሊጠቁማቸው እንደሚችል፣ እሳቸው ራሳቸው ማመልከት ይችሉ እንደሆነም ጠይቀሻል።

መጀመሪያ የሚጣራው ጠቋሚው ነው። ያልተፈቀደለት ሰው የላከው ፋይል ይዘቱ ሳይታይ ይመለሳል። ለመምህሩ ሥራ የሚቀርቡት ሁለቱ የዩኔስኮ የመሠረተ ትምህርት ሽልማቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመው የንጉሥ ሴጆንግ ሽልማት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማርን ያተኩርበታል፤ በ2005 የተቋቋመው የኮንፊሽየስ ሽልማት ደግሞ የገጠር ጎልማሶችንና ከትምህርት ገበታ የራቁ ወጣቶችን ይመለከታል። በሁለቱም ራስን መጠቆም አይቻልም። ጥቆማው የሚያልፈው በመንግሥት በኩል ከዩኔስኮ ብሔራዊ ኮሚሽን ጋር በመመካከር፣ ወይም ከዩኔስኮ ጋር ይፋዊ አጋርነት ባለው መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት በኩል ነው። ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው የስዊድን ሽልማት ግን ማንም ሰው ሌላውን እንዲጠቁም ይፈቅዳል።

ቀጥሎ የሚያስቸግረው ጽሑፉ ነው። «ታታሪ፣ ሥራ ወዳድ፣ በሥነ ምግባራቸው የተመሰገኑ» የሚል ባለ ማህተም ደብዳቤ ለቅጥር ይጠቅም ይሆናል፤ ለዳኛ ግን ምንም አይነግረውም። ዶክተር አክሊሉ ለማን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ስለሆኑ እንዶድን በሽታውን ለመከላከል አጠኑት። በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ተሸላሚ ሆኑ። ችግሩ፣ ቦታው፣ የተሠራውና የሚያስገኘው ጥቅም በሁለት ዓረፍተ ነገር አለቀ። የመምህሩንም ሥራ እንዲህ አሳጥራችሁ መጻፍ ካልቻላችሁ ገና አልጠራላችሁም ማለት ነው።

ማስረጃው ላይ አትሳሱ። በየዓመቱ ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንቱ ጨረሰ፣ ከእነዚህ ሴቶች ስንት ናቸው፣ በምን ፈተና ተመዘኑ? ያቋረጡትንም ቁጥር ከነምክንያቱ (አዝመራ፣ ወሊድ፣ የቦታ ርቀት) አስገቡ፤ ሁሉም ጨረሰ የሚል ሪፖርት ጥርጣሬ ይጋብዛል። ከፎቶና ከባነር ይልቅ ለውጡን የሚያሳይ ወረቀት ፈልጉ። ለምሳሌ በቁጠባና ብድር ማኅበሩ መዝገብ ላይ ከትምህርቱ በፊት በጣት አሻራ ገንዘብ የወሰደች ሴት በኋላ በፊርማዋ ከወሰደች፣ እሷን አስፈቅዳችሁ፣ የሌሎቹን ስም ሸፍናችሁ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አያይዙ። እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ይህን ዓይነቱን ማስረጃ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል፤ አንዱ ከተማሪ፣ አንዱ ሥራውን በቅርብ ከሚያውቅ ከመምህሩ አለቃ ውጭ የሆነ ሰው ቢሆን ይመረጣል።

ሁለት ስህተቶች በእኛ አገር ፋይሎች ላይ በብዛት ይታያሉ። አንዱ ዘመን ነው፤ ሰኔ 2012 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር 2020 ነው። ሳይቀየር ከሄደ የስምንት ዓመት ክፍተት ይፈጠርና ከሌላው ሰነድ ጋር ይጋጫል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ልዩነቱ ሰባት መሆኑንም አትርሱ። ሌላው ስም ነው። ውጭ አገር የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያዝ የአክሊሉ ለማ ጥናቶች «ለማ» በሚለው ሥር ይገኛሉ። በቅጹ፣ በደብዳቤውና በፓስፖርቱ ላይ ያለው የላቲን አጻጻፍ በአንድ ፊደል እንኳ አይለያይ።

«ተመርጠዋል፣ ለሥነ ሥርዓቱ ይህን ያህል ዶላር ይክፈሉ» የሚል መልእክት ከደረሳችሁ ዝጉት። ከላይ የጠቀስኳቸው ሽልማቶች ተሸላሚን አያስከፍሉም።

አገር ውስጥ ደግሞ የበጎ ሰው ሽልማት ከሕዝብ ጥቆማ ይቀበላል፤ መምህርነት ከዘርፎቹ አንዱ ስለሆነ ያው ማስረጃ በአማርኛ ተዘጋጅቶ ለዚያም ያገለግላል። ለዩኔስኮው ግን የጥሪው ማስታወቂያ እንደወጣ ብሔራዊ ኮሚሽኑን አነጋግሩ። ከየአቅጣጫው የሚመጣውን አወዳድሮ የሚልከው እሱ ስለሆነ፣ የእናንተ ፋይል ዩኔስኮ ካስቀመጠው የመጨረሻ ቀን ብዙ ሳምንታት ቀድሞ ከነትርጉሙ እጁ መግባት አለበት።