ልጆቻችን፣ ስልክና ራቁት ፎቶ፦ የጠየቃችሁኝን ልመልስ

ሁለተኛ ደረጃ ኮምፒዩተር አስተምራለሁ። ስለ ልጆችና ራቁት ፎቶ መላላክ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ፤ የቻልኩትን ይኸው።

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ይህን ባነሳባት የማታውቀውን ማስተማር አይሆንብኝም?

መልስ፦ አይሆንም እህቴ። ስልክ ከያዘች ከጓደኞቿ ሰምታለች፣ ያውም ተጣሞ። ግን "ነይ ቁጭ በይ" ብለሽ ስብከት አትጀምሪ። ሽንኩርት እየላጣችሁ፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ ይቀላል። "ክፍላችሁ ፎቶ ላኪልኝ የተባለች ልጅ አለች?" ብለሽ በሰው ጀምሪ።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው። የቴሌግራም ሚስጥራዊ ቻት ስክሪንሾት ይከለክል የለ? ታዲያ ለፍቅረኛዬ ፎቶ ብልክለት ምን ችግር አለው?

መልስ፦ በሌላ ስልክ ስክሪኑን ፎቶ ቢያነሳው ማን ይከለክለዋል? ልጁ ታማኝ ቢሆን እንኳ ስልኩ ይሰረቃል፣ ጥገና ቤት ከነፓስወርዱ ይሰጣል፣ ፎቶው ሳያውቀው ጉግል ፎቶስ ላይ ይጫናል፤ ትጣሉም ይሆናል። "ከወደድሽኝ ላኪ" ካለሽ "አልፈልግም" ይበቃል። ከከበደሽ በእናትሽ አሳብቢ። ለኔ ልጅ "እማዬ ስልኬን ትፈትሻለች" በይ ብያታለሁ፤ ክፉ እናት መባሉን እችለዋለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ ያሉኝ ወንዶች ናቸው። አይመለከተኝም አይደል?

መልስ፦ በደንብ ይመለከትሃል። ገንዘብ ለመቀበል የሚያስፈራሩት ሌቦች በብዛት የሚያጠምዱት ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉ ወንዶችን እንደሆነ የአሜሪካው ኤፍቢአይ አስጠንቅቋል። የቆንጆ ልጅ ፎቶ ያለው አካውንት ይመጣል፣ "እሷ" ቀድማ ትልካለች፣ እሱም ይልካል፣ ወዲያው "ለተከታዮችህ በሙሉ ልበትነው ነው፣ ብር ላክ" ይመጣል። የኢንስታግራም ባለቤት ሜታ እ.ኤ.አ. በ2024 ከናይጄሪያ የሚሠሩ 63,000 ገደማ እንዲህ ያሉ የኢንስታግራም አካውንቶችን ዘግቷል። ደግሞ ልጅህ የደረሰውን የክፍል ጓደኛውን ፎቶ ለሌላ ካስተላለፈ አጥፊው እሱ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ወሲባዊ ምስል ማሰራጨትን በእስር ይቀጣል።

ጥያቄ፦ አስቸኳይ ነው! የእህቴን ልጅ በፎቶዋ እያስፈራሯት 5,000 ብር በቴሌብር ጠይቀዋል። ከፍለን እንገላገል?

መልስ፦ አትክፈሉ። ነገ 10,000 ይላሉ። መልስም አትስጧቸው፣ ቻቱንም አታጥፉት። ዛቻውን፣ የአካውንቱን ስም፣ ብር ላኩበት ያሏችሁን ቁጥር ስክሪንሾት አንሱ። ከዚያ ሪፖርት፣ ከዚያ ብሎክ፣ ከዚያ ፖሊስ። ፎቶውን ግን "እይልኝ" ብላችሁ ለማንም አትላኩ፣ ለኔም ጭምር። ፎቶው የተነሳው ከ18 ዓመቷ በፊት ከሆነ "ቴክ ኢት ዳውን" የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ፎቶው ከስልኳ አይወጣም፤ የፎቶውን ዲጂታል አሻራ (ፎቶውን ለይቶ የሚያሳውቅ ኮድ) ብቻ ወስዶ ለፌስቡክ፣ ለኢንስታግራም፣ ለቲክቶክና ለመሳሰሉት ይሰጣል፣ እነሱም አሻራው የገጠመውን ያነሳሉ። በተመሰጠረ ቻት፣ ማለትም ከተላላኪዎቹ በቀር ማንም በማያነበው ቻት ውስጥ ያለውን ግን አይደርስበትም። ደግሞ ዛሬ ማታ ብቻዋን አትተኛ፤ አብራችኋት እደሩ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የት እንደውል?

መልስ፦ የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል፣ 1-800-843-5678።

ጥያቄ፦ የእህቴን ልጅ ጉዳይ የጠየቅኩት ነኝ። አባቷ ከሰማ ይገድላታል፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሌባው የያዘው መሣሪያ እኮ እሱ ነው። የፈራችው ፎቶውን ሳይሆን አባቷን ነው። ብቻሽን አትንገሪው። የሚያፍረው ሰው አይጠፋም፤ ታላቅ ወንድሙን ወይ የንስሐ አባቱን ይዘሽ ግቢ። ልጅቷ በዚያ ሰዓት ቤት አትሁን፣ እናንተ ጋ ትቆይ። ንዴቱ ከበረደለት በኋላ ራሱ መጥቶ ይውሰዳት።