የመጀመሪያ ትራክ ከየት ልግዛ? ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖች። አሜሪካ ውስጥ ትራክ መንዳት ከጀመርኩ 14 ዓመቴ ነው። ሦስት ትራክ ይዣለሁ፤ በመጀመሪያው ከስሬያለሁ። የካምፓኒ ትራክ ትታችሁ የራሳችሁን ልትገዙ ያሰባችሁ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጥሩ ትራክ የት ይገኛል?

መልስ፦ ምን ልትጭን ነው? በየት በኩል ልትሠራ? ስንት ይዘህ? ይህን ሳትነግረኝ ምን ብዬ ልመልስልህ?

ጥያቄ፦ ዳላስ ነው ያለሁት። ድራይ ቫን (ዝግ ተጎታች) ልጎትት ነው፤ 25 ሺህ ዶላር አለኝ። ከዲለር ይሻላል ከግለሰብ?

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። እኔ መጀመሪያ የማየው ትልልቆቹ ካምፓኒዎች ራሳቸው የሚሸጡትን ነው። ፔንስኪና ራይደር ሲያከራዩት የቆዩትን ትራክ በራሳቸው መሸጫ ያወጣሉ። ዋጋው ከግለሰብ ወደድ ሊል ይችላል። ግን የጥገና ታሪኩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ቦታ ነው ያለው። ዲፒኤፉ (የጭሱን ጥላሸት የሚያጣራው) መቼ እንደጸዳ፣ ተርቦው (ለሞተሩ አየር የሚገፋው) ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቀህ አንብብ። ወረቀት የለም ካሉህ ትተህ ሂድ። ከግለሰብ ከገዛህ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ የባንክ ዕዳ አለመኖሩን አጣራ። እንደ ሪቺ ብራዘርስ ያለ ጨረታ ላይ ርካሽ ይገኛል፤ ግን ከገዛህ በኋላ የሚወጣው ብልሽት ሁሉ ያንተ ነው። ለመጀመሪያ ትራክ አልመክርህም። 25 ሺውንም ሁሉ ዳውን ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ) እንዳታደርገው። ቢያንስ 10 ሺውን ለጥገና አስቀር።

ጥያቄ፦ መካኒክ አይደለሁም። የሞተሩን ጤንነት በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ይህን ሁሉም ሰው በጠየቀኝ! ለሻጩ «እስክመጣ ሞተሩን አታስነሳው» በለው። ስትደርስ ኮፈኑን ክፈትና ሞተሩን በእጅህ ንካው። ሞቆ ከጠበቀህ ጠርጥር። የሞተር ችግር የሚታየው ከቅዝቃዜ ሲነሳ ነው። ገና ሳይነሳ ጣትህን ጭስ ማውጫው ቱቦ ውስጥ አስገባ። ጥላሸት ይዞ ከወጣ ዲፒኤፉ ተሰንጥቋል ወይም ጭራሽ ወጥቷል። ማውጣት ደግሞ በፌደራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ጣጣው ላንተ ይተርፋል።

ከዚያ አስነሳውና ይሙቅ። የዘይት መሙያውን ክዳን ፍታና ገልብጠህ አፉ ላይ አስቀምጠው። ዝም ብሎ ከተቀመጠ ደህና ነው። እየዘለለ ከወደቀ፣ ጭስም ከተከተለው፣ ግፊቱ በፒስተኑ ጎን እያመለጠ ነው። ሞተር ማውረድ ሊመጣ ይችላል። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። የዘይት ናሙና ላብራቶሪ አስልክ፤ የሞተሩን ኮምፒውተርም አስነብብ። ቆሞ የሠራበት ሰዓት ከበዛ የማይሉ ማነስ አያታልልህ።

አንድ አባል ከዴንቨር፦ ቮልቮ ግዙ። ሞተሩ ዲ13 ነዳጅ አይበላም።

ሌላ አባል ከአትላንታ፦ የፍሬይትላይነር ካስካዲያ ይሻላል! ዕቃው የትም ከተማ አለ።

ከዴንቨር፦ 700 ሺህ ማይል ነድቼ ሞተር አልከፈትኩም።

ከአትላንታ፦ አንተ ከአዲስ ገዝተህ በእጅህ ይዘኸዋል። ልጁ የሚገዛው ሌላ ሰው የነዳውን ነው።

መልስ፦ በስም አትከራከሩ፣ ወንድሞቼ። ቮልቮም ሆነ ፍሬይትላይነር፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሱበት።

ጥያቄ፦ የምሠራበት ካምፓኒ ያለ ዳውን ፔይመንት በሊዝ ፐርቸስ (እየነዱ በየሳምንቱ እየከፈሉ መግዛት) ትራክ እንስጥሽ ብሎኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ አትፈርሚ። እኔ የከሰርኩት በዚህ ነው። ክፍያውን በየሳምንቱ የሚቆርጠው ካምፓኒው፣ ሎድ (ጭነት) የሚሰጠኝም ያው ካምፓኒው ነበር። ተርቦው ተበላሽቶ ሦስት ሳምንት ቆምኩ። ክፍያው ግን አልቆመም። ትራኩን ወሰዱት፤ ከዓመት በላይ የከፈልኩት ቀረ። ይህን ጉዳይ ያጠናው የፌደራል ግብረ ኃይልም በጃንዋሪ 2025 ሪፖርቱ እንዲህ ያለ ውል እንዲታገድ ነው የመከረው።

ጥያቄ፦ ወለድ አልፈልግም። እቁብ ሲወጣልኝ ብገዛስ?

መልስ፦ ጥሩ ነው፤ ብዙዎቻችን እንዲያ ነው የጀመርነው። ግን እቁቡ ከወጣልህ በኋላም መጣል አለ። ትራኩ በቆመበት ወር ምን ትጥላለህ? ለዚህ ነው ለጥገና አስቀሩ የምለው።

ጥያቄ፦ ኢንሹራንስ ስንት ነው?

መልስ፦ እንደ ስቴቱና እንደ መንጃ ታሪክህ ነው፤ ወኪል ጠይቅ። ሕጉ ቢያንስ የ750 ሺህ ዶላር ሽፋን ይጠይቃል፤ ብሮከሮች (ጭነት የሚያገናኙት) ግን አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊዮን ይላሉ። ትራኩን ሳትገዛ ዋጋውን እወቅ።

ጥያቄ፦ የ2010 ትራክ በርካሽ አገኘሁ። ካሊፎርኒያ ይገባል?

መልስ፦ ከ2023 ጀምሮ እዚያ የሚፈለገው 2010 ወይም ከዚያ በኋላ የተሠራ ሞተር ነው። የ2010 ትራክ የ2009 ሞተር ሊኖረው ይችላል። ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን አንብብ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጥሩ ትራክ የት ነው የሚሸጠው?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። አንብበው።

ጥያቄ፦ ነገ ሂውስተን አንድ ካስካዲያ ላይ ልሄድ ነው። ሻጩ አስነስቼ፣ አሙቄ እጠብቅሃለሁ ብሎኛል።

መልስ፦ አሁኑኑ ደውልለትና እንዳይነካው ንገረው። እምቢ ካለ ነዳጅህን አታቃጥል፤ ቅር።