ቲማቲሙ «በሁለት እጥፍ ይበልጣል» ሲባል ስንት ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍልዎት። ልጄ የሂሳብ የቤት ስራ ይዞ መጣ፣ «የ1 ኪሎ ቲማቲም ዋጋ ከ1 ኪሎ ድንች ዋጋ በሁለት እጥፍ ይበልጣል። ድምራቸው 120 ብር ከሆነ የእያንዳንዳቸው ዋጋ ስንት ነው?» ይላል። እኔ ድንች 40 ቲማቲም 80 ነው አልኩት፣ አስተማሪው ግን 30 እና 90 ነው ብሎ ኤክስ አደረገበት። በአማርኛው ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ስሌቱን ሁለታችሁም አልሳታችሁትም፣ የተለያያችሁት አማርኛው ላይ ነው። አንቺ ድንቹን «እንትን» አልሽው፣ ቲማቲሙን ሁለት እንትን፣ ሲደመር ሦስት እንትን 120 ሆነ፣ አንዱ እንትን 40። (ስቀልድ እንዳይመስልሽ፣ አማርኛ የሂሳቡን ኤክስ ሳያውቅ በፊት ላልታወቀ ነገር ሁሉ ሲጠቀምባት የኖረው እንትንን ነው።) አስተማሪው ደግሞ «ይበልጣል» የምትለዋን ያዘና ብልጫው ብቻ ሁለት እንትን ነው አለ፣ ስለዚህ ቲማቲሙ ራሱ ሦስት እንትን፣ ከነድንቹ አራት፣ 120 ለአራት ሲካፈል 30። ሁለቱም ያለ ትራፊ ስለሚካፈል መልሱን አይቶ መፍረድም አይቻልም፣ ጥያቄውን ያወጣው ሰው ድምሩን 100 ብር ቢያደርገው ኖሮ ቢያንስ ሳንቲሙ ያሳብቅ ነበር።

የአስተማሪው ነገር ከየት መጣ ካልሽ ከ«በ» ነው። «በ10 ብር ይበልጣል» ስንል «በ» የያዘችው ቁጥር ልዩነቱ ነው፣ ድንች 40 ከሆነ ቲማቲም 50። እጥፍንም በዚሁ ካስኬድነው ሰውየው ሎጂክ አለው። ግን እስቲ «የቤት ኪራይ በእጥፍ ጨመረ» በይና 3000 የነበረው ስንት ገባ ብለሽ ደሴ ፒያሳ ላይ ያገኘሽውን ሰው ጠይቂ፣ 6000 ነው የሚልሽ። በአስተማሪው አካሄድ ጭማሪው ራሱ 6000 ሆኖ ኪራዩ 9000 መግባት ነበረበት፣ እንደዛ የሚሰማው ተከራይ ደሞ የለም (አከራይ ካልሆነ)። እጥፍ የሚነግረን የጨመረውን ሳይሆን የደረሰበትን ነው ማለት ነው።

ቃሉ ራሱ ከ«አጠፈ» ነው የመጣው፣ ወረቀት አንዴ ስታጥፊው ሁለት ድርብ ይሆናል፣ ለዛ ነው ቁጥር ሳንጨምር እጥፍ ብቻ ስንል ሁለት የሚሆነው። ሦስቴ ብታጥፊው ግን 8 ድርብ ነው የሚወጣው፣ «ሦስት እጥፍ» ብሎ 8 የሚረዳ ደግሞ ማንም የለም፣ ስለዚህ እዚህ ላይ የምንቆጥረው ድርቡን እንጂ ማጠፉን አይደለም።

ሌላው ነገር «በሁለት እጥፍ ይበልጣል» የዜናና የፈተና አማርኛ ነው እንጂ የገበያ አይደለም። ሰኞ ገበያ ሄደሽ ቲማቲም ከድንች እንዴት ነው ብትይ ሴትዮዋ «ኧረ እጥፉ ነው!» ትልሻለች፣ አለቀ፣ ማን ምን ያህል እንደሆነ የሚጠፋው የለም። ጥያቄውም «የቲማቲሙ ዋጋ የድንቹ ሁለት እጥፍ ነው» ተብሎ ቢጻፍ እናንተም ባልተጨቃጨቃችሁ። «ይበልጣል»ን ብር ወይም ኪሎ ለተጠራለት ልዩነት ብንተዋት ይሻላል ባይ ነኝ።

እና በኔ በኩል ልጁ ራይት ይገባዋል። አስተማሪው 30 እና 90ን ከፈለገ «ሦስት እጥፍ ነው» ብሎ ይጻፍለት።