የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ከማድሪድ ኦውሬንሴ ፍል ውሃ፣ ደርሶ መልስ

ጥያቄ፦ ልጄ ማድሪድ ትኖራለች፤ ከፋሲካ በኋላ ልጠይቃት እሄዳለሁ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ዋንዛዬ ፍል ውሃ እየወረድሁ እታጠባለሁ። እዚያም ኦውሬንሴ የሚባል ጥንታዊ የፍል ውሃ ከተማ አለ ብላኛለች። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል? እንደኛው ጠበል ነው?
ወ/ሮ ት.፣ ከአዘዞ

መልስ፦ በባቡር ከሆነ ይቻላል። በመኪና 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልስ አይታሰብም፤ ፈጣኑ ባቡር ግን በ2 ሰዓት ከሩብ ያህል ያደርሳል። የሚነሣው ከቻማርቲን ጣቢያ ነው። ስሙ የገነነው አቶቻ ስለሆነ እዚያ ሄዶ የቆመ መንገደኛ ስህተቱ ሲገባው ባቡሩ ሄዷል። ዕቃ በመሣሪያ ይፈተሻል፣ በሩም ከመነሻው 2 ደቂቃ አስቀድሞ ይዘጋልና ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። ፓስፖርትዎንም ይያዙ። ቲኬቱ ላይ 18:30 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12:30 ነው፤ የመመለሻውን ሰዓት ልጅዎ በአማርኛ በወረቀት ብትጽፍልዎ ይሻላል።

ብዙ ሰው እንደደረሰ ወደ ውሃው ይሮጣል። እኛ የምንመክርዎ ግን ውሃውን ለማታ እንዲያቆዩት ነው። የባቡር ጣቢያው ከሚኞ ወንዝ በስተ ሰሜን ነው፤ አሮጌው ከተማ በስተ ደቡብ። በወንዙ ዳር ያሉት መታጠቢያዎች ደግሞ በጣቢያው በኩል ናቸው። ፍል ውሃ ሰውነትን ያዝላል፤ ጠዋት ታጥቦ የአሮጌውን ከተማ የድንጋይ ንጣፍ መንገድ መውጣትና መውረድ ለታመመ ጉልበት አይሆንም። ማታ ከታጠቡ ግን ከዚያው ወደ ባቡሩ ነው።

ስለዚህ ከጣቢያው በታክሲ በቀጥታ በአሮጌው ከተማ ወዳለው የፍል ውሃ ምንጭ፣ ወደ አስ ቡርጋስ ይሂዱ። ውሃው ከምንጩ ሲወጣ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው፤ በድሮ ጊዜ የሠፈሩ ሴቶች የዶሮ ላባ ይነጩበት ነበር። እጅዎን እንዳይነክሩ። ከምንጩ አጠገብ የሕዝብ መታጠቢያ ገንዳ አለ፤ እዚያ ያለው ውሃ የበረደ ስለሆነ ይገባበታል፤ እርስዎ ግን መታጠቡን ለማታ ያቆዩት።

ከዚያ ካቴድራሉ በእግር ቅርብ ነው። ከቀትር በኋላ ለሰዓታት የሚዘጋ ነገር ስለሚበዛ በጠዋቱ ይግቡ። የገነት በር የሚሉት በ13ኛው መቶ ዘመን የተሠራና ቀለም የተቀባ የድንጋይ ቅርጽ አለ፤ ወደ መካከለኛው ቅስት ቀና ብለው ይመልከቱ። ሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ በዙሪያው ተደርድረዋል። እኛ ጽና ይዘው ነው የምናውቃቸው፤ እነዚህ የያዙት የሙዚቃ መሣሪያ ነው። የጎንደር ሰው ይህን ሳያይ ቢመለስ ያስቆጫል።

ከምሳ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይረፉ፤ ከዚያ አሮጌውን ድልድይ በእግር ይሻገሩ። መሠረቱ የሮማውያን ነው፣ አካሉ በመካከለኛው ዘመን የታደሰ ነው፤ መኪና አይሄድበትም። ከድልድዩ ወንዙን ተከትለው ወደ ታች ሲወርዱ መጀመሪያ ቻቫስኬይራ የሚባለውን መታጠቢያ ያገኛሉ። ሙኢኞ ዳ ቬይጋና ኦውታሪስ የሚባሉት መታጠቢያዎች ራቅ ይላሉ፤ ወደነሱ በታክሲ ይሂዱ።

ጠበል ግን አይደለም። ወንድና ሴት አብረው ይገባሉ፣ የመዋኛ ልብስ ግዴታ ነው፤ በነጠላ ወይም በቀሚስ አይገባም። ነጠላ ጫማ፣ ፎጣና ለእርጥብ ልብስ የሚሆን ፌስታል ይያዙ። ክፍያ ባለባቸው ቤቶች የፀጉር ቆብም ሊጠየቁ ይችላሉ። ሳሙና ክልክል ነው። የብር መስቀልዎን አውልቀው ከቦርሳ ያኑሩ፤ ውሃው የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ድኝ አለበት ማለት ነውና ብርን ያጠቁራል።

የመረጡት ወቅት ደኅና ነው። በሐምሌና በነሐሴ ኦውሬንሴ 40 ዲግሪ ስለሚደርስ ፍል ውሃ ቅጣት ይሆናል። በክረምታቸው ደግሞ ሚኞ ሲሞላ የወንዙ ዳር ገንዳዎች ይሰጥማሉ፣ ጎርፉም ሲጎድል ደለል ይተዋል። ገንዳዎቹ ለጽዳትም ስለሚዘጉ ልጅዎ በዋዜማው ለከተማው የቱሪስት ቢሮ ደውላ ትጠይቅ።

ጥያቄ፦ የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ፍል ውሃ ውስጥ ምን ያህል መቆየት እችላለሁ?
አቶ መ.፣ ከፒያሳ

መልስ፦ በመጀመሪያ ሐኪምዎ ይፍቀድ። ሙቀት የደም ሥርን ስለሚያሰፋ ግፊት ይወርዳል፤ መድኃኒቱም የሚያደርገው ያንኑ ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ፣ ድንገት ብድግ ሲሉ ዓይን ይጨልማል፤ ሰው ተንሸራቶ የሚሰበረውም ያኔ ነው። ከእግርዎ ጀምረው ቀስ ብለው ይግቡ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ጠርዙ ላይ ትንሽ ተቀምጠው ይነሡ፣ ውሃም ይጠጡ። መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ፤ አልኮል ቀምሰው አይግቡ። የልብ ድካም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርና ቁስል ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይሞክረው። ስኳር እግሩን ያደነዘዘው ሰው ሙቀቱን በእግሩ ሳይሆን በክርኑ ይለካ።

ጥያቄ፦ ጉዞዬ ረቡዕ ላይ ዋለ። እዚያ ምን ይበላል? ውሃውንስ በጀሪካን ማምጣት ይቻላል?
ከቀሐ

መልስ፦ የአገሩ ዝነኛ ምግብ ፑልፖ ነው፤ ክንፍም ቅርፊትም የሌለው የባሕር እንስሳ ስለሆነ በጾምም በፍስክም ለእኛ አይሆንም። ካልዶ የሚሉት ሾርባ ጎመንና ድንች ብቻ ይመስላል፣ ግን የአሳማ ስብ ይገባበታል። ኢምፓናዳ የሚሉት በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገር ምግብም ውስጡ ቱና ወይም ሥጋ ነው። የሚያዋጣው በአካባቢው የሚጋገረው የሴያ ዳቦ፣ ሰላጣና በወይራ ዘይት የተጠበሰው የፓድሮን ቃሪያ ነው። አንዳንዱ ቃሪያ ያቃጥላል እያሉ ያስፈራራሉ፤ በሚጥሚጣ ላደገ ሰው ወሬ ነው።

ውሃውን ባያመጡት ይሻላል። በብዙ አውሮፕላን ማረፊያ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በአንድ ዕቃ አይያዝም፤ በትልቁ ሻንጣ ቢመጣም ሙቀቱ ጠፍቶ ማዕድኑ ብቻ ይቀራል። ከማዕድኑ አንዱ ፍሎራይድ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ የሕፃናትን ጥርስ የሚያበልዘው እሱ ስለሆነ፣ ለልጆች በየቀኑ ማጠጣት ፈጽሞ አይገባም።